«ተፈቷል» ብሎ መዝጋት፦ ኦንላይን እርዳታ ለሚጠይቁ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤክሴል እምቢ ሲል፣ ላፕቶፕ ዋይፋይ አላይ ሲል፣ ኮድ ኤረር ሲሰጥ ሰው ጥያቄውን ኦንላይን ይለጥፋል። መልሱ ሲመጣ ግን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ስላለችው የአንድ ደቂቃ ሥራ ናቸው፤ ጥያቄን የት፣ መቼ፣ በምን ቃል «ተፈቷል» ብለው እንደሚዘጉት።

መልሱን አግኝቻለሁ። ምልክት ባላደርግ ማን ይጎዳል?

መጀመሪያ የሚጎዱት መልስ የሚሰጡት ናቸው። ብዙዎቹ ያልተፈቱ ጥያቄዎችን ዝርዝር ከፍተው ነው የሚሠሩት። ስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ) ላይ ለምሳሌ አንድ ጥያቄ አምስት መልስ ቢኖረውም፣ ከመልሶቹ አንዱ እንኳ ድምፅ ካላገኘ ወይም ጠያቂው ካልተቀበለው «ያልተመለሰ» ዝርዝር ውስጥ ይቆያል። ትናንት ያለቀ ነገር ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ግማሽ ሰዓቱን ያጠፋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚጎዳው ያንኑ ኤረር ኮፒ አድርጎ ጎግል ላይ የሚፈልገው ሰው ነው። አምስት መልስ ያገኛል፣ የትኛው እንደሠራ ግን የሚነግረው የለም። ያ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ራስዎ ነዎት። ከስድስት ወር በኋላ ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ፣ እንዴት እንዳስተካከሉት ረስተው የገዛ ጥያቄዎን ያገኙታል፤ ከሥሩ ያለው «ሠራልኝ፣ ተባረኩ» ብቻ ከሆነ እርስዎም እንደ እንግዳ አንባቢ ሆነው ይቀመጣሉ።

«አመሰግናለሁ፣ ሠራልኝ» ብል አይበቃም?

ለጨዋነት ይበቃል፤ ለመፍትሔነት አይበቃም። አንድ የተለመደ ጥያቄ ይዘን እንየው፦

«ከባንክ ስቴትመንት ቁጥሮች ኮፒ አድርጌ ኤክሴል ላይ ለጠፍኩ። የሰም (SUM፣ መደመሪያ) ፎርሙላው 0 ይለኛል። ለምን?»

ሦስት ሰው ይመልሳል። አንዱ «የሴሉን ፎርማት ወደ ነምበር ቀይረው» ይላል። ሁለተኛው «ክፍተት ሊኖረው ይችላል፣ ትሪም (TRIM፣ ክፍተት ማጥፊያ) ተጠቀም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ክፍተቱ ተራ ስፔስ አይደለም፣ ኮዱ 160 የሆነው ነው፤ በሰብስቲቲዩት (SUBSTITUTE፣ መተኪያ) አጥፋው» ይላል። ጠያቂው «ተባረኩ፣ ሠራ!» ብሎ ይጠፋል።

ቀጣዩ አንባቢ ከላይ ይጀምራል። ፎርማቱን ይቀይራል፣ ምንም የለም፤ ምክንያቱም ፎርማት መቀየር አስቀድሞ እንደ ጽሑፍ የገባውን ወደ ቁጥር አይለውጠውም። ትሪም ይሞክራል፣ አሁንም ምንም የለም፤ ትሪም የሚያጠፋው ኮዱ 32 የሆነውን ተራ ስፔስ ነው እንጂ ከድረ ገጽ ተቀድቶ የሚመጣውን 160ን አይነካውም። ሦስተኛው ጋ ከመድረሱ በፊት ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

ጠያቂው እንዲህ ብሎ ቢዘጋው ግን፦

«ተፈቷል። ምክንያቱ፦ እያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ላይ የማይታይ ክፍተት ነበረው፣ ኮዱ 160። ኤክሴል ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ያየው ለዚህ ነው። የሠራው፦ ሦስተኛው መልስ። አጠገቡ ባለው ኮለም ሰብስቲቲዩት ተጠቅሜ ካር 160ን (CHAR(160)፣ ያንን ክፍተት) በባዶ ተካሁ፣ ውጤቱን በ1 አባዛሁት። ያልሠራው፦ ፎርማት መቀየር እና ትሪም። ኤክሴል 2016፣ ዊንዶውስ 10።»

ምክንያት፣ የሠራው፣ ያልሠራው፣ ቨርዥን። በ1 ማባዛቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰብስቲቲዩት የሚመልሰው ጽሑፍ ስለሆነ ያለ እሱ ግን ሰም አሁንም 0 ነው የሚለው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያውቀው እጁን ያስገባው ሰው ነውና ሳይረሳው መጻፍ አለበት። «ያልሠራው» የምትለዋን መስመር ሰው ብዙ ጊዜ ይዘላታል፤ እኛ ግን ከአራቱ ሁለቱን ብቻ ምረጡ ብንባል «የሠራው» እና «ያልሠራው»ን እንወስዳለን።

ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ቁልፉ የት ነው?

ከእያንዳንዱ መልስ በስተግራ ድምፅ መስጫ ቀስቶች አሉ፤ ከእነሱ በታች ግራጫ የራይት ምልክት ያያሉ። ሲጫኗት አረንጓዴ ትሆናለች። መልስ የመቀበል መብቱ የጠያቂው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄውን በለጠፉበት አካውንት ሎግ ኢን ማድረግ አለብዎት። በሌላ ኢሜይል ሌላ አካውንት ከፍቶ «ቁልፉን አጣሁት» የሚል ሰው ብዙ ነው።

አዲስ አባል ስለሆኑ አይከለከሉም። ድምፅ ለመስጠትም ሆነ ሌላ ሰው ፖስት ላይ ኮሜንት ለመጻፍ የተወሰነ ነጥብ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ የራስዎ ጥያቄ ላይ መልስ ለመቀበል ግን የነጥብ ገደብ የለም። ጥያቄው ከተለጠፈ 15 ደቂቃ ካልሞላው ግን ሲስተሙ ጠብቅ ይላል። መልሱን ሲቀበሉ መላሹ 15 ነጥብ፣ እርስዎ 2 ነጥብ ያገኛሉ።

ሁለት ሰዎች ረድተውኛል። ለማን ልስጥ?

ስታክ ኦቨርፍሎው የሚቀበለው አንድ መልስ ብቻ ነው፣ ዲስኮርስም (ብዙ ፎረሞች የተሠሩበት ሶፍትዌር) በተለመደው አሠራሩ እንዲሁ። ለቀጣዩ አንባቢ ብቻውን ቢነበብ የሚበቃውን ይምረጡ። ቀድሞ የመለሰው፣ ወይም በጣም የደከመው ሰው መሆኑ መመዘኛ አይደለም። ለሌላኛው ድምፅ ይስጡት፣ ኮሜንትም ይጻፉለት። በኋላ የተሻለ መልስ ከመጣ ምልክቱን ማዛወር ይችላሉ፤ አዲሱ ላይ ሲጫኑ ከድሮው በራሱ ይነሳል። ቅር የሚለው ሰው ሊኖር ይችላል፣ ግን ምልክቱ ስጦታ ስላልሆነ መልሶ መውሰዱ ነውር የለውም።

መፍትሔው የተገኘው ከሁለት መልሶች ግማሽ ግማሽ ተወስዶ ከሆነ፣ ሁለቱን አገናኝተው የራስዎን መልስ ይጻፉ፣ ሁለቱንም በስም ያንሱ፣ የራስዎን ይቀበሉ።

ማንም ሳይመልስልኝ ራሴ ፈታሁት። ጥያቄውን ላጥፋው?

አያጥፉት። «ተዉት፣ ፈታሁት» ብሎ መሄድም ከማጥፋት አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። የጠፋ ጥያቄ ማንንም አያደክምም፤ «ተዉት፣ ፈታሁት» የሚል ግን ጎግል ላይ ወጥቶ ሰውን በር ድረስ አምጥቶ በሩን ይዘጋበታል።

መፍትሔውን እንደ መልስ ይለጥፉት። ጥያቄው ውስጥ ኤዲት አድርገው አይጨምሩት፣ የመልስ ሳጥኑ ውስጥ ይጻፉት። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የራስዎን መልስ ለመቀበል 2 ቀን መጠበቅ አለብዎት፣ ነጥብም አያስገኝም። ብዙ ሰው መልሱን ጽፎ ከ2 ቀን በኋላ መመለሱን ይረሳል፤ ስልክዎ ላይ ሪማይንደር ይሙሉ።

ሌላም ጥቅም አለው። ድምፁ ከዜሮ በታች ሆኖ መልስ ሳያገኝ 30 ቀን ያለፈውን ጥያቄ ስታክ ኦቨርፍሎው በራሱ ይሰርዘዋል። የራስዎን መልስ መጻፍዎ ከዚህ ያተርፈዋል።

ርዕሱ ላይ «ተፈቷል» ብዬ ልጻፍ?

እንደ ቤቱ ልማድ ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አይጻፉ፤ ምልክቱ ራሱ ስለሚናገር ሌሎች ኤዲት አድርገው ያነሱታል። የአርች ሊኑክስ ፎረም ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የራይት ቁልፍ የለም፣ የመጀመሪያ ፖስትዎን ኤዲት ብለው ርዕሱ ፊት ላይ በካሬ ቅንፍ [ ] «ሶልቭድ» (ተፈቷል) የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጨምራሉ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ የሚሳሳቱት ሁለት ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው ይልቅ የመጨረሻውን ፖስት ኤዲት ማድረግ፣ በዚህ ጊዜ ዝርዝሩ ላይ ያለው ርዕስ አይቀየርም፤ እና ቃሉን ከኋላ መጨመር። ረጅም ርዕስ ዝርዝር ላይ ሲታይ ጫፉ ይቆረጣል፣ ቃሉም አብሮ ይቆረጣል።

ሌሎቹ ቦታዎችስ?

ዲስኮርስ ላይ በተሠሩ ፎረሞች ከእያንዳንዱ ምላሽ ሥር የመፍትሔ ቁልፍ ይኖራል፤ ከተጫኑት መፍትሔው ተቀንጭቦ ከጥያቄዎ ሥር ይታያል። ቁልፉ ከሌለ አስተዳዳሪዎቹ ለዚያ ክፍል አላበሩትም ማለት ነው።

ሬዲት እንደየክፍሉ ይለያል። በብዙ ክፍሎች የፖስቱን ፍሌር (ከርዕሱ ጋር የሚታየውን መለያ) ወደ «ሶልቭድ» መቀየር ነው። የኤክሴሉ ክፍል ግን ለረዳዎ ሰው ኮሜንት ሪፕላይ አድርገው «ሶሉሽን ቬሪፋይድ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ቦቱ (በራሱ የሚሠራው ፕሮግራም) ፍሌሩን ይቀይርና ለሰውየው ነጥብ ይሰጣል። ሪፕላዩ ለዚያ ሰው ኮሜንት መሆን አለበት።

ዎርድፕሬስ የድጋፍ ገጽ ላይ ጥያቄዎን ከፍተው በጎን በኩል ሁኔታውን ወደ «ሪዞልቭድ» ይቀይራሉ። የፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም) ባለቤቶች «እባክህ ዝጋው» እያሉ የሚለምኑት ወደው አይደለም፤ ባለፉት ሁለት ወራት ከቀረቡት ጥያቄዎች ስንቱ እንደተፈታ የፕለጊኑ ገጽ ላይ ይጻፋል፣ ሰውም ፕለጊን ሲመርጥ ያየዋል። ፕለጊኑን በነፃ ለሰጠዎት ሰው ውለታ መክፈያ አድርገው ይቁጠሩት።

ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ኢሹ፣ ማለትም የቀረበ ችግር፣ ሲዘጋ ምክንያቱ ይመረጣል፤ ከምክንያቶቹ ሁለቱ «ተጠናቋል» እና «አልታቀደም» ናቸው። ስህተቱ ሳይስተካከል የተዘጋ ነገር «ተጠናቋል» ተብሎ ከተዘጋ ሰውን ያሳስታል። ኮዱን ራስዎ ካስተካከሉ፣ የፑል ሪኩዌስቱ (ማስተካከያው እንዲዋሐድ የሚቀርበው ጥያቄ) ማብራሪያ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ፊክስስ» ብለው የኢሹውን ቁጥር ከነሃሽ ምልክቱ ቢጽፉ ሲዋሐድ ኢሹው በራሱ ይዘጋል። የሚሠራው ግን ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅጂ) ላይ ሲዋሐድ ነው፤ ወደ ሌላ ብራንች አዋሕዶ «ለምን አልተዘጋም» የሚል ሰው አይጠፋም።

የምንጠያየቀው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ቁልፍ የለውም፤ ምን እናድርግ?

እኛ አገር አብዛኛው መረዳዳት የሚሆነው እዚያ ነውና ይህን ሰፋ አድርገን እንየው። ቴሌግራም ለጥያቄና መልስ ተብሎ አልተሠራም። መልሱ ከጥያቄው በ40 ሜሴጅ ርቆ፣ መሀል ላይ «እንደምን አደራችሁ» እና ስቲከር ገብቶበት ሊገኝ ይችላል። ጎግልም ግሩፕ ውስጥ ያለውን አያወጣልዎትም። ስለዚህ ሥራው በእጅ ነው።

ጠያቂው ማድረግ ያለበት፦ ጥያቄዎን ራሱን ሪፕላይ አድርገው የመፍትሔውን ሜሴጅ ይጻፉ፣ መጨረሻው ላይ ግሩፑ የተስማማበትን ሃሽታግ ያስገቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ኤዲት አድርገው ከላይ «ተፈቷል» ይበሉና የመፍትሔውን ሜሴጅ ሊንክ ይለጥፉ። ኤዲት ማድረግ የሚቻለው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ካለፈ ሪፕላዩ ብቻ ይበቃል። በቮይስ አይመልሱ። በስክሪንሾትም ብቻ አይመልሱ፤ ሰርች ምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ አያነብም።

አሁን ወደ ሃሽታጉ። ግሩፑ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይምረጥ። «#ተፈታ»፣ «#ተፈቷል»፣ «#ተፈትቷል» እና «#ተፈትቱዋል» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለስልኩ ግን አራት የተለያዩ ታጎች ናቸው፣ አንዱን ሲጫኑ ሌላው አይመጣም። «መፍትሔ»ን የመረጠ ግሩፕ ደግሞ የባሰ ይቸገራል፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት የቁጥር ሥርዓት) ላይ ሄ 1204፣ ሔ 1214፣ ኄ 1284 ነው፣ ስለዚህ ሦስት «መፍትሔ» ይኖራል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ መምህራን ይተዉትና፣ ሞክሼ ፊደል የሌለበት አጭር ቃል ይውሰዱ። «#ተፈታ» ጥሩ ነው። ፒን የተደረገው ሜሴጅ ላይ ይጻፉት፣ ሰው ከዚያ ኮፒ ያድርግ። ሁለት ቃል ከሆነ በሰረዝ ሳይሆን በአንደርስኮር ይያያዝ፤ ክፍተት ወይም ሰረዝ ካገኘ ታጉ እዚያው ይቆማል።

ግሩፑ ትልቅ ከሆነ አድሚኑ ቶፒክስን (ግሩፑን በርዕስ የሚከፋፍለውን አሠራር) ሊያበራ ይችላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ክፍል ይኖረዋል፣ ሲያልቅ ክፍሉን መዝጋት ይቻላል፤ ከተዘጋ በኋላ የሚጽፉበት አድሚኖች ብቻ ናቸው። ይህ የሚሠራው ግን ሰዎች ለእያንዳንዱ «ሃይ» ክፍል ካልከፈቱ ነው።

ኢንቦክስ አውርተን ተፈታልኝ። አሁንም ልጻፍ?

በተለይ ያኔ ይጻፉ። ግሩፑ የሚያየው የመጨረሻ ነገር «ኢንቦክስ ና» ስለሆነ፣ ቀጣዩ ሰው ያለው አማራጭ ያንኑ ሰው ኢንቦክስ መግባት ብቻ ነው፤ ያ ሰውም ያንኑ ነገር ለአስረኛ ጊዜ ይተይባል። የተነጋገሩትን በአራት መስመር አሳጥረው ይመልሱ። ስክሪንሾት ከሆነ ግን ከመለጠፍዎ በፊት ስልክ ቁጥር፣ ፓስወርድ፣ የማረጋገጫ ኮድ፣ የአካውንት ቁጥር እንዳይታይ ይቁረጡ። መፍትሔው ከመነገሩ በፊት ብር የጠየቀ ወይም የስልክዎን ኮድ የጠየቀ ሰው ካለ ለአድሚን ይንገሩ።

ከዘጋሁት በኋላ ችግሩ ተመለሰ።

መጀመሪያውኑ ቶሎ ዘግተውት ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ የሚታይ ችግር ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተው አንዴ ማየት ይበቃል። የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ዋይፋይ መቆራረጥ ለምሳሌ፣ ቀድሞ ይመጣበት ከነበረው ጊዜ ሦስት እጥፍ ይጠብቁ፤ በቀን አንዴ ከነበረ ሦስት ቀን። ራውተር ሪስታርት ተደርጎ «ተፈታ» የተባለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የተፈታ አይደለም፣ አረፍ ያለ ነው።

በእርግጥ ያው ችግር ከሆነ ምልክቱን አንስተው እዚያው ይቀጥሉ። ኤረሩ ሌላ ከሆነ ግን አዲስ ጥያቄ ከፍተው የድሮውን ሊንክ ያስገቡ።

እኔም ያው ችግር አለብኝ። በተፈታው ጥያቄ ሥር ልጻፍ?

አይመከርም። የተዘጋን ነገር የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው፣ «ያው ችግር» የሚመስለውም ብዙ ጊዜ ያው ኤረር ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው። አዲስ ይክፈቱ፣ «ይህን ሞክሬ አልሠራም» ብለው ሊንኩን ያያይዙ፣ የት ላይ እንደቆመ ይንገሩ።

አልተፈታም። ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደረግሁት።

የጥገና ቤቶቻችን ተወዳጅ መድኃኒት ናት። ፎርማት ችግሩን ያጠፋዋል፣ ምክንያቱን ግን አብሮ ይቀብረዋል፤ ችግሩን ያመጣው አንድ ድራይቨር ከነበረ፣ ተመልሶ ሲጫን ችግሩም ሊመለስ ይችላል። «ተፈቷል» አይበሉት። «ምክንያቱ አልታወቀም፣ ፎርማት ተደርጎ ቆመ» ብለው ይጻፉ። መላ አግኝተው እያለፉት ከሆነም እንዲሁ፦ «በዚህ መንገድ ዞሬ እየሠራሁ ነው፣ ዋናው ግን እንዳለ ነው»።

መልሱን ያገኘሁት ከኤአይ ነው።

ሞክረውት ከሠራ የሠራውን በራስዎ ቃል ይጻፉ፣ ካልሞከሩት አይለጥፉት። ስታክ ኦቨርፍሎው ከታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቻትጂፒቲ የተጻፈን መልስ መለጠፍ ከልክሏል። መልስ የሚቀበሉ ጠያቂ ከሆኑም፣ መልሱ አሳማኝ ስለሆነ ብቻ ራይት አያድርጉለት፤ መጀመሪያ ማሽንዎ ላይ ይሞክሩት።

አድሚን ነኝ። ጠያቂው መልሱን ወስዶ ጠፍቷል፤ እኔ ልዝጋው?

ሲስተሙ ከፈቀደልዎት፣ በጥንቃቄ። አንዴ ስሙን ጠርተው ይጠይቁት፦ «የትኛው ሠራልህ?» ሰባት ቀን ይጠብቁ። ሌላ አንባቢ «ለእኔም ይሄኛው ሠርቷል» ያለበት መልስ ካለ እሱን ምልክት ያድርጉ፣ ምልክቱን ያደረገው አድሚን መሆኑንም ይጻፉ። እንዲህ ያለ ምስክር ከሌለ ክፍት ይተዉት። ዝርዝሩ ንጹሕ እንዲመስል ብሎ ያልተረጋገጠን መልስ «ተፈታ» ማለት፣ ከ200 ክፍት ጥያቄ የበለጠ ሰው ያደናግራል።